በወንድሙ ስም

ይህ ወሬ ሁለት ፌርማታ አስከፍሎኛል። እዚህ ባሕር ማዶ፣ በወረርሽኙ ሰሞን ከኦቤትስ ከተማ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ ወጣቷ የመንታ እናት ናት።

«እትዬ፣ አንደኛው አፉን አልፈታም ብዬዎት አልነበር? የንግግር ስፔሻሊስቷ በቪዲዮ ልታየው ኮል አደረገችኝ።»

«እሰይ! ታዲያስ?»

«አፈርኩ። በእሱ ስም ተናጋሪውን ወንድሙን ካሜራው ፊት አስቀመጥኩት።»

«ምን አልሽ?»

«ቆጠረላት፣ ዘፈነላት። ደህና ነው ብላ ፋይሉን ክሎዝ አደረገችው።»

«መንጃ ፈቃድ መሰለሽ፣ በሰው የምታስፈትኚው?»

«ይሳቁ፣ ይሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ተናጋሪውም ዝም አለ።»

«አሞት ይሆናላ።»

«ሐኪሙ ጤነኛ ነው አለኝ። በስሙ ስጠራው አይዞርም። በወንድሙ ስም ስጠራው ግን ቀስ ብሎ ይዞራል።»

«በስመ አብ! ደውለሽ እውነቱን ንገሪያት እንጂ!»

«መደወሉንስ እደውላለሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ የስፔሻሊስቷ የሕፃናት ፕሮግራም አይቀበልም።»

«እንግዲያ ሁለቱንም አሳያት።»

«ማንን ማን ብዬ፣ እትዬ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ጥሩ ጥሩውን ቲማቲም ከላይ፣ የተበላሸውን ከሥር ስደረድር የኖርኩት ነጋዴ፣ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።