ቃታውን አንዴ ብቻ የሳበው ሰው

ኖሪንዬ፣ እንኳን ለዚህ በቃሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እዚህ አግዳሚው ላይ ተቀመጪና እግርሽን ዘርጊው፤ ሐኪሙ ያዘዘሽን ሁሉ ትፈጽሚያለሽ ብዬ ነው የማምነው። ይሄ የበቆሎ ዳቦ የሮዝሊን ነው፣ ቅመሺው። የኦሃዮ ዝናብ መቼም ማቆሚያ የለውም፤ መኪናሽን ጠጠሩ ላይ ማቆምሽ ጥሩ ነው፣ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭቃ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ አመለጠሽ አይደል? ልንገርሽ። ግን ታውቂኛለሽ፣ ነገር በሥርዓቱ ካልተነገረ አይጥመኝም፤ ስለዚህ ከነበሩት ሰዎች ልጀምር። አንደኛ፣ የተኩስ ክለባችን ሰብሳቢ ዌንደል። ሁለተኛ፣ አዛውንቱ ኦርቪል፤ ጆሯቸው እየከዳቸው ስለሆነ የተኩስ ደህንነት ኃላፊነታቸውን ለማስረከብ የወሰኑት። ሦስተኛ፣ ዒላማ የምትለጥፈውና ነጥብ የምትይዘው ሮዝሊን። አራተኛ፣ እኔ። አምስተኛው ደግሞ... እሱን በስም መጥራት ምን ያስፈልጋል? ስሙን ሽጉጡ ላይ በወርቃማ ፊደል ስላስቀረጸው ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ ይነበባል።

ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ አትበይኝ። ማመስገን ከመቼ ወዲህ ነው በሹክሹክታ የሆነው? እዚያ ጥግ ተቀምጦ ባዶ ሽጉጥ የሚወለውል ሰው ቢኖርና ቢሰማኝ፣ ይስማኝ። እኔ እኮ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው...

ያን ሽጉጥ መቼም አይተሽዋል። ሲገዛው እንደ እኔና እንዳንቺ ሽጉጥ ተራ ነበር። ከዚያ አፈሙዙን ለወጠው። ጫፉ ላይ፣ ሲተኮስ ወደ ላይ እንዳይዘል የሚከለክል ብረት ገጠመለት። የላይኛውን አካል «እንዲቀለው» ብሎ መስኮት በመስኮት አደረገው። መያዣውን ሐምራዊ ቀባው፤ ቀለሙን ለመምረጥ የወሰደበት ጊዜ ለጥንቃቄው ምስክር ነው። ከፋብሪካው የቀረው የመለያ ቁጥሩ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱንም ያልነካው መፋቅ ስለሚያሳስር ነው። በበልጉ ውድድር ሽጉጡ በየትኛውም ምድብ አልገባ ብሎ ለብቻው ምድብ አልተከፈተለትም? አንደኛ ወጣ። ከራስ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ቀላል ነው ያለሽ ማነው? ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ተቸግሮ ነው ያሸነፈው።

ዕውቀቱንስ ምን ልበልሽ? አዲስ አባል በበሩ ሲገባ ከሰላምታ በፊት የሚቀበለው የሕግ አንቀጽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዌንደል ራሱ ስለገዛው አዲስ መሣሪያ ሲቀልድ ነበር። «ከኋላው የትከሻ መደገፊያ ስሰካለት በሕግ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከፊት መያዣ ስጨምርለት ደግሞ ሌላ፤ ሁሉንም ስነቅለው ተመልሶ ሽጉጥ። ሚስቴ እንኳ በአንድ ቀን ይህን ያህል ጠባይ አትለዋውጥም» አለን። ሁላችንም ሳቅን። ሊቃችን ግን ቀልዱ ውስጥ ስህተት አገኘና እስኪያርመው ድረስ ሳቃችንን ይዘን ጠበቅነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየክለቡ ይገኛል?

የሚመኘውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኦርቪልን ቦታ። ከተኳሹ ጀርባ ቆሞ የሁላችንንም እጅ የሚጠብቅ፣ «አቁም» ሲል ማንም የማይከራከረው ሰው መሆን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሕይወታችንን እኮ ነው ሊረከብ የፈለገው። የኃላፊውን ቀይ ኮፍያ ቀድሞ ገዝቷል ይሉ ነበር፤ እኔ ሲገዛ አላየሁም፣ ራሱ ላይ ብቻ ነው ያየሁት።

እንግዲህ ቦታውን የሚረከብ ሰው በሁላችንም ፊት በራሱ ሽጉጥ ተኩሶ ያሳያል፤ ልማዱን ታውቂዋለሽ። እሱ ደግሞ ለዚያ ቀን ብሎ ቃታውን ቤቱ ተቀምጦ በሞረድ አቅልሎት መጣ። ለባለሙያ ለምን ይሰጣል? ባለሙያ እኮ ሥራውን ብቻ ነው የሚያውቀው። «ሲተነፍሱበት ይተኩሳል» ብሎ አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ብርቅ ነው...

ሳበ። ሦስት ጥይት ተከታትሎ ወጣ። የመጀመሪያዋ ዒላማውን አገኘችው፤ ሁለተኛዋ የዒላማውን እንጨት፤ ሦስተኛዋ የመጠለያውን ጣሪያ ጫፍ። ማንም አልተነካም፣ ተመስገን። ያ መዝለል የሚከለክለው ብረት ባይኖርማ የት ትደርስ ነበር?

ኦርቪል የጆሮ መከላከያቸውን አውልቀው ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ነው የሳብከው?» አሉት።

«አንዴ ብቻ» አለ፣ ቀና ብሎ። «ጣቴን አውቀዋለሁ።»

እንዴት ያለ መተማመን ነው! ያኔ ሮዝሊን፣ ጨዋነቷን ታውቂያለሽ፣ ማጣበቂያዋን እንደያዘች በትሕትና ጠየቀችው። «ቃታው አንዴ ሲሳብ ከአንድ በላይ የሚተኩስ መሣሪያ በሕግ ምን እንደሚባል አስተምረኸን ነበር። ምን ነበር ስሙ?»

መትረየስ መሆኑን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ቅጣቱን ሳይቀር በቃላችን ያስጠናን እሱ አይደለም? የዚያን ዕለት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቀጽ ጠፋው። ሰው ነው፣ ይረሳል። ይልቅስ ምናልባት ደጋግሞ ስቦት ሊሆን እንደሚችል፣ በደንብ እንዳላስተዋለ ነገረን።

ዌንደል መቼም አፉ አያርፍም። «ወይ ሽጉጡ ያላዘዝከውን ይተኩሳል፣ ወይ አንተ የሳብከውን አታውቅም» አለው። «ታዲያ ከሁለታችሁ የትኛችሁን እንሹም?»

እኔ አዘንኩ፣ ኖሪንዬ። ሰውን እንዲህ ማጣደፍ ተገቢ ነው? ለማሰብ ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው እኮ አለ። ቃታ ከመሳቡ በፊት ቢሆን ይመረጥ ነበር እንጂ...

በመጨረሻ ኦርቪል ሐሳብ አቀረቡና ተስማማን። ሽጉጡ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የፋብሪካ ቃታውን እስኪመልስለት ድረስ ጥይት አይገባበትም። ኃላፊነቱን ሮዝሊን ትረከባለች። እሱ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት እንዳይባክን፣ መሣሪያ በማይገባበት ክፍል ለአዲስ አባላት ሕግ ያስተምራል። እጃችንን አወጣን። እሱም በመጨረሻ ላይ አወጣ፤ ያንን እንኳ ሁላችንም አይተን መሰከርንለት።

ትክክለኛ ቦታውን አገኘ እንጂ ምን ጎደለው? ሰው ተሰጥኦው ባለበት ሲቀመጥ ደስ ይላል። ከልቤ ነው የምመርቀው፤ ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ አንደበቱን ይባርክለት፣ ተማሪ አያሳጣው... እጁን ደግሞ እግዚአብሔር እስከ ዘለዓለሙ ያሳርፍለት።