አርብ አርብ የሚያውቀኝ ስልክ

ለሥራ በመጣሁበት ሰው አገር ስልክ ስገዛ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጣት አሻራ የሚከፈት ይሁን። እኔና ወጥ ሠሪዋ ዘይነባ ሆዳን አንድ ቤት ተቀጥረን አንድ ክፍል ነው የምናድረው፤ የሚስጥር ቁጥሬን ስነካካ ደግሞ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና በዓይኗ ትለቅመዋለች። አርብ የዕረፍት ቀኔ ነውና ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ሄጄ ከአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ገዛሁ። እዚያው ሱቅ ጣቴን ሳሳርፍበት ተከፈተ። ሰኞ ልብስ አጥቤ ብነካው እምቢ። ማክሰኞም እምቢ። አርብ ተናድጄ ተመለስኩና «የተበላሸ ነው የሸጥክልኝ» አልኩት። «እስቲ ንኪው» አለኝ። ነካሁት፤ ተከፈተ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አየኝ።

ረቡዕ አሠሪያችን ማዳም ለዕቃ ስትልከኝ፣ እጄ በረኪና እየሸተተ ሮጬ ሄድኩበት። ፊቱ ስልኩን ብነካው እምቢ አለ። ነጋዴው ስልኩን ትቶ ጣቴን አየ። «አቦ፣ ስልኩ ምንም አልሆነም። በረኪናው ነው አሻራሽን ያጠፋው፤ ስታርፊ ይመለሳል። እግርሽንስ ይነካዋል?»

«ኧረ በቦቲ ነው የማጥበው።»

«በቃ፣ የእግርሽን አውራ ጣት እናስመዝግበው።»

ይኸው አሁን ወዲያው ይከፈታል፤ ዘይነባም በዓይኗ የምትለቅመው ቁጥር የለም። ማዳም ግን መልእክት በመጣልኝ ቁጥር ጫማዬን ሳወልቅ ስታየኝ ከርማ፣ ባለፈው ለእንግዶቿ «ሐበሾች እናታቸው መልእክት ስትልክላቸው ጫማ አውልቀው ነው የሚያነቡት፤ አክብሮት ማለት ይሄ ነው» ስትል ሰማኋት። አላረምኳትም። አሁን ልጆቿ ለአያታቸው የሚደውሉት በባዶ እግራቸው ነው።