ገመዱን የነቀለችው

እትዬ እመቤት ሽኝቱ ላይ ከአዲሱ ኃላፊ ከአቶ ሙላቴ ጎን ተቀምጠው ወሬ የጀመሩት ስለ ገብስ ነው። ዘንድሮ የገሳይ ገብስ እንዴት ያለ ፍሬ ያዘ፣ ብርዱስ ቢሆን እንዲህ ነበር እንዴ፣ ቆሎውን ይዝገኑ እንጂ… ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ሽኝቱ የኮምፒውተር ክፍሉ ልጅ በሥራ ዕድገት ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ፣ ሰርተፍኬቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለስላሳ ይጠጣል። ሰርቨሮቹን ከጥፋት ታድጓል ይላል ወረቀቱ። ሌላም ወረቀት አለ፤ እብናት ለምትሠራው ለዘነበች የተጻፈ፣ ያለ ፈቃድ የሰርቨር ገመድ ነቅላለች የሚል የስንብት ደብዳቤ። አቶ ሙላቴ ነገ ይፈርመዋል። እትዬ ዛሬ ከጎኑ የተቀመጡት ለዚሁ ደብዳቤ ነው።

«የዛሬ ልጅ ታታሪ ነው፣ አይደል አቶ ሙላቴ?» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል። ድሮ ይህ ስድብ ነበር፤ አሁን ሰርተፍኬት ያሰጣል… ደግ ነው።»

ከዚያ ነገሩን እንደ ዋዛ ያወጉት ጀመር። ደብረ ታቦር፣ እብናትና ገሳይ በየቦታው አንድ አንድ ሰርቨር፣ መዝገብ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ አለ። የሠራተኛው ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል በሦስቱም ላይ ተጽፏል፤ አንዱ ላይ የተነካው ወዲያው ወደ ሌሎቹ ይገለበጣል። ታዲያ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያዝ አንድ እጅ ደብረ ታቦር ባለው ላይ አዲስ ሶፍትዌር ጫነ። የማን እጅ እንደሆነ እሳቸው ምን ያውቃሉ? እጅ ስም የለው። ብቻ ደብረ ታቦር ያለው ዝርዝር ባዶ ሆነ፤ ባዶነቱም ተገልብጦ ገሳይ ገባ። የድጓ መምህር ሲስት ተማሪው ሁሉ አብሮ እንደሚስተው ነው። አስቀድሞ ቅጂ ይያዝ አልነበረም ወይ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ… ኧረ ምን ቸገረ፣ ድስቱ የሰው ከሆነ።

እብናት ያለችው ግን ይህን ሁሉ ብልጠት ከየት ታምጣው? የገሳይ ስሞች አንድ በአንድ ሲጠፉ አየችና፣ ባዶነቱ እሷ ጋ ሳይደርስ ሰርቨሯን ከሌሎቹ የሚያገናኘውን ገመድ ነቀለች። ፈቃድ ብትጠይቅ ጨዋ ትባል ነበር፤ ዝርዝሩም ከነጨዋነቷ ይጠፋ ነበር። ሰርቨሩን በጋቢ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፋው ደብረ ታቦር ድረስ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ተሠርቶ የሁሉም ስም የተመለሰው ከዚያ ከታቀፈችው ነው። ባለ ሰርተፍኬቱ ታዳጊያችንም አጠገቧ ነበር፣ አይካድም።

«እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር» አሉ እትዬ፣ በፍቅር ዓይን እያዩት። «ሰው ከስሕተቱ ይማራል ይባል የለ? እሱ እጁን መሰብሰብ ተማረ… ቀደም ብሎ ቢማረው እንዴት ባማረበት።»

ልጁ ለስላሳውን አስቀመጠ። አቶ ሙላቴ ቆሎውን እፍኙ ውስጥ እንደያዘ ሰርተፍኬቱን አየ፣ ልጁን አየ።

በዕድሜ ታላቅ እሳቸው ናቸውና መርቁ ተባሉ። ሁሉም ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ። ልጁም ዘረጋ፤ ለራሱ ምርቃት አሜን የማይል ሰው እዚህ አገር የለም።

«ለሚሄደው ልጃችን መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

አሜን ተባለ።

«ያቺን ታታሪ እጁን ቁርጥማት አይንካት።»

አሜን ተባለ፤ የልጁ ቀጠን ብሎ ተሰማ።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፃቸውን እንደ ማር አለዝበው ጨረሱት።

«ወንበሩ ከፍ ከፍ ይበል። በተሾመበት አገር ሁሉ፣ በነካው ማሽን ሁሉ… ፈቃድ ሳትጠይቅ ገመድ የምትነቅል ዘነበች አያሳጣው።»

ቀድሞ አሜን ያለው አቶ ሙላቴ ነው። ልጁም መዳፉ እንደተዘረጋ ነበርና፣ አለ።