ቃሬዛ ያልተጠራለት ቁስል

ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልጅ እግር ሳለሁ፣ ከአንድ ለቅሶ ቤት አጥር ጥግ ቆሜ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሟቹ ማን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ የተናጋሪዎቹም መልክ ጠፍቶብኛል። አንደኛው፣ «እንዲህ ባለች ቁስል ሰው ይሞታል?» ሲል ትዝ ይለኛል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁስሏማ መች ገደለችው፤ የገደለውስ…» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አልያዝሁትም። ወይ «እፍረቱ ነው» ብሏል፣ ወይ «መድኃኒት ማጣቱ ነው» ብሏል። የትኛውን እንዳለ የተረዳሁት በ2007 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ነው።

ያን ሰሞን፣ ሽማግሎች ዛሬም ቆሰበር በሚሏት በእንጅባራ፣ የአካባቢው የእንጨት ሥራና የመቁረጫ መሣሪያ ዐውደ ርዕይ ተከፍቶ ነበር። በጥር ፈረስ የተጋለበበት ሜዳ ድንኳን በድንኳን ሆኗል። ጣውላ መሰንጠቂያው ይጮኻል፣ የቀርከሃ መላጊያው ይጮኻል፤ ሰውም ከእነሱ በላይ ይጮኻል። እኔ ገበያ ዳር ምስማርና ሞረድ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ አዲስ ዕቃ ለማየት ገባሁ። በሕዝቡ መካከል ስጋፋ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው የቆሙ ሽማግሌ ትከሻዬን ነኩኝ። ዞር ስል አያ በዛብህ ናቸው። ከአዘና በኩል የሚመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጣውላ ሲሰነጥቁ የኖሩ፣ ለመጋዛቸው ሞረድ ከእኔ የሚገዙ ደንበኛዬ ናቸው። ልጃቸውን ምህረቴን ጠየቅኋቸው። ጃዊ ለቀን ሥራ እንደሄደ ነገሩኝ።

ከፊታችን እህተማርያም የምትባል፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሠለጠነች የዳንግላ ልጅ፣ የሞተር መጋዝ አያያዝ ታሳያለች። አንዱን ግንድ ወፍራም የመከላከያ ሱሪ አለበሰችው።

«ይኸው ግንዱም ሱሪ ታጠቀ፤ ነገ ሚስት ይፈለግለታል» አሉ አያ በዛብህ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ይላኩለታ፣ አባቴ» አለችና መጋዙን አስነሥታ በሱሪው ላይ አሳረፈችው።

ከጨርቁ ውስጥ ነጭ ክር እየተመዘዘ በሰንሰለቱ ተጠመጠመ። መጋዙ እንደ ታነቀ ሰው አጉረምርሞ ዝም አለ። ሱሪውን ገልጣ ግንዱን ስታሳይ ጭረት እንኳ የለበትም። ሰው ግንዱን ለማየት ተሽቀዳደመ። አያ በዛብህ ግን ግንዱን አላዩም፤ ዐይናቸው ከጉልበቱ በላይ በተቀደደው ሱሪ ላይ ቀረ።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ሽማግሌው ከላይ የታዘዘን ጨርቅ አይመልሰውም፣ ዛፍ ቆራጭን ብረት የሚያገኘው በዓል ሲሽር ነው አሉ። ልጅቱም በትሕትና፣ ቤታቸውን ሣር የከደኑት ዝናቡን ያዘዘውን ለመጋፋት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አፈኛ እንደሆነች ነግረዋት ዘወር አሉ። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሰዉ ለምሳ ሲበተን ግን ተመለሱ። እኔም አብሬ ቆምሁ። «ባገራችን አንድ ሰው አለ» ብለው ጀመሩ። የዚያ ሰው ጭን በመጋዝ ተነክቶ እንደማይደርቅ፣ ቅጠልም ቅቤም እንደተደረገበት፣ አሁን እብጠቱ ወደ ላይ እንደወጣ እየተጠነቀቁ ተናገሩ። ይሸት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቤቱን በወይራ ጪስ እያጠኑ ሽታውን እንደሚሸፍኑት መለሱ።

ያን ጊዜ ጠረጠርሁ። «አያ በዛብህ» አልኋቸው ቀስ ብዬ፤ «ምህረቴ እውነት ጃዊ ነው?»

ከድንኳኑ ሥር ካለው ጣውላ ላይ ተቀምጠው ነገሩን አወጡት። ጃዊ አልሄደም። ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። የሞተር መጋዙ የኪራይ ነበርና ባለቤቱ በማግሥቱ ሊወስደው ነበር፤ በሚካኤል ዕለት ዛፍ ሲቆርጥ ሰንሰለቱ ጭኑን አገኘው። ጎረቤት ቢሰማ፣ በዓል ሽሮ መልአኩ መታው ይላል። እኅቱ ምሥራቅ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው፤ አማቾቹ የተመታ ቤት ብለው ይመለሳሉ። ወደ ሆስፒታል እንዳይወስዱትም፣ ከቤታቸው እስከ መኪና መንገዱ ባጃጅ አይገባም፤ በቃሬዛ ነው የሚወጣ።

«ቃሬዛ ደግሞ አገር ሳይጠራ አይነሣም» አሉ ወደ መሬት እያዩ።

«አባቴ» አለች እህተማርያም፣ «እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንዲህ ያለ ቁስል ግን ዛሬ ካልታየ የሚቆረጠው እግሩ ነው። ከዘገዩማ እግሩ ብቻ ሳይሆን ነፍሱም አትተርፍም።»

እኔም በዓል አከብራለሁ፤ በሚካኤል ሱቄን አልከፍትም። ነገር ግን የተሻረ በዓል ለነፍስ አባት ይነገራል፣ የቆሰለ እግር ለሐኪም ይታያል፤ ሁለቱን ባንድ ቋጥሮ ጓዳ መደበቅ ከየትኛውም ሥርዓት አይገኝም። ይህን እያሰብሁ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«ያን ዕለት ሥራ ውጣ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «እሱማ፣ አባቴ ዛሬ ይቅርብን ብሎኝ ነበር። ሥራ ስትፈራ መልአክ ትጠራለህ አልሁት።»

«ታዲያ መልአኩ ፍርድ ይሳሳታል እንዴ፣ አያ?»

«አይሳሳትም።»

«ያዘዙት እርስዎ፣ የተቆረጠው እሱ። ይህ የመልአክ ምት ነው?»

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። «እንግዲያ የደበቅሁት የልጁን ጥፋት አይደለማ» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «የራሴን ኖሯል። ልጄን ተከናንቤው ነው የተቀመጥሁ።»

ያ የለቅሶ ቤት ሰው «እፍረቱ ነው» ማለቱ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አፈርሁ። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲቆስል «ምን ሆንህ?» ሳይሆን «ምን አደረግህ?» የምንል እኛው አይደለን? ያ ጓዳ የተዘጋው በእኛም እጅ ነው።

እህተማርያም ሱሪውን አምጥታ ከጎናቸው አኖረችው። እድራቸው ድንኳንና ቃሬዛ እንዳለው ጠየቀቻቸው፤ አለው። እንዲህ ያለውን ሱሪ፣ የዐይን መከለያና ጓንት ቢገዛ፣ መጋዝ የተከራየ ሁሉ እየተዋሰ ይለብሰዋል። አንዱ ቁስሉን በግልጽ ከተናገረ ሌላውም ሳይሸት ወደ ሐኪም ይወጣል፤ ጎረምሳው ጤነኛ ሆኖ ሠርቶ ያገባል አለቻቸው።

«እድር የሬሳ ዕቃ እንጂ ይህን መች ይገዛል» አሉ።

«ለሞተው ድንኳን የገዛ፣ ለቆመው ሱሪ ቢገዛ ምን ይለዋል?» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ጠፋባቸው። «አማቾቹስ ቢመለሱ?» አሉኝ። ሊመለሱ እንደሚችሉ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይመለሱ» አሉ።

ወደ አዘና የሚሄደው ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው። ልጁን ሆስፒታል በር ላይ እንደምጠብቀው ነገርኋቸው። ምናልባት ሲመሽ፣ ሁለት ዘመድ ብቻ ጠርተው በስውር ያወጡት ይሆን ብዬ ፈርቼ፣ እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቅሁ።

በመስኮቱ በኩል አዩኝ፤ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ወደ ትከሻቸው አወረዱት።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ እጣራለሁ» አሉ። «ልጄ ቆስሏል፣ ቃሬዛ አንሡልኝ፤ በሚካኤል የላክሁትም እኔ ነኝ እላለሁ። ጀምበር ሳትጠልቅ ነው የምጣራው፤ ሰው ፊቴን እያየው።»