ለእንግዳዋ የተሰጠችው ባዝራ

ማርላ፣ ነይ ግቢ፤ በሩን መለስ አድርጊው እንጂ፣ ይሄ የቨርጂኒያ ብርድ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። ጠዋት የፈረሶቹ ባልዲ ውኃ ድንጋይ ሆኖ በመዶሻ ሰበርኩት፣ ታምኛለሽ? እዚያ ድርቆሹ ላይ አረፍ በይ። ከትናንቱ ግብዣ የተረፈ የፒካን ኬክ አለ፣ ቅመሺ… የዋንጫ ኬክ እኮ ነው! እኔ? እኔስ አልወርድ አለኝ። እርጅና ይሆናላ።

እንኳን ደስ አለሽ ደግሞ። የፖሎ አሰልጣኝ ከሆንሽ የመጀመሪያ ዋንጫሽ አይደል? አሥራ አንድ ለዘጠኝ! ሦስት ልጆች ሁለት ልጆችን በፈረስ ላይ እንዲህ ታግለው ማሸነፍ… ቀላል ነገር ነው እንዴ? ያቺ ብሪን የምትባለው እንግዳ በአምቡላንስ ባትሄድ ኖሮማ ሦስት ለሦስት ሆነው ጨዋታው አሰልቺ ይሆን ነበር። በሁለት ዙር ብቻ ስድስት ጎል አግብታብን አልነበር? እግዜር ደግ ነው፣ አንገቷን ትቶ ትከሻዋን ሰበረው።

ምነው አየሽኝ? ስለ ማንም አላወራሁም። ከወዲያኛው ጋጣ ቡሩሽ የሚያንኳኳው ማነው? ኧረ ያቺ ጎበዝ ተጫዋችሽ ናት? ውይ የኔ ትሑት! ዋንጫ ያነሳ ሰው ዛሬ ይተኛል፤ እሷ ግን ፈረስ ትቦርሻለች። በነገራችን ላይ ዋንጫውን ስታነሳው አይተሻታል? በሁለት እጇ፣ ከራሷ በላይ! ሁለት ደህና ትከሻ ያለው ሰው ሲያነሳው እንዴት ያምራል!

እኔ እኮ እዚህ በረት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ከተጋጣሚ ጋር ፈረስ ስትለዋወጡ የማየውን ያህል ደስ የሚለኝ የለም። አንቺም ተማሪ እያለሽ… ትዝ ይልሻል? የለመድሽውን ፈረስ ለተጋጣሚሽ አስረክበሽ፣ «ይቺ እንዲህ ትወዳለች፣ ይሄን ትፈራለች» ብለሽ በጆሮዋ ስትነግሪያት። ልታሸንፊያት ለምትፈልጊያት ልጅ! አንድ ጊዜ እንዲያውም ሁሉን ነግረሻት ተሸንፈሽ፣ እዚህ ጥግ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ ሻይ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ። ሞኝ ነበርሽ መሰለኝ። የዛሬ ልጆች ብልጥ ናቸው።

ባዝራዋን ታንሲን ደግሞ ማን የማያውቃት አለ? በዚህ በረት ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያውቋታል። ይቺ ባዝራ በጋላቢዋ እግር ግፊት ነው የምትታዘዘው፤ የሜዳው ግድግዳ አጠገብ ልጓሟን ከጎተትሽባት ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ያስተማርኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ የጋለባት ሰው ይሄን ያጣዋል? ያጣዋል እንጂ! ሰው አይደለም እንዴ? ይረሳል። ትናንት እኔ ጎንበስ ብዬ የኮርቻውን ጠፍር ሳጠብቅ፣ ከራሴ በላይ በጣም ለስላሳ ድምፅ ሰማሁ፤ «አፏ ደንዳና ነው የኔ ቆንጆ፣ ግድግዳው ጋ ስትደርሺ በደንብ ሳቢያት» የሚል። «የኔ ቆንጆ» ስትላት እንዴት አንጀት ይበላል! ብሪንም አመሰገነቻት። ስትነግራት አቅፋትም ነበር።

እኔ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። ቀና ስል ደወሉ ተደወለ፣ ታንሲም ሄደች። ልጮህ ይገባኝ ነበር ማርላ… አልጮህኩም። ሌሊቱን በሙሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ልጅቷ እንደተባለችው ሳበች፣ ባዝራዋ እንደተማረችው ቆመች፣ ልጅቷ በባዝራዋ ራስ ላይ አልፋ ግድግዳው ላይ አረፈች። ከሁለቱ ማንኛቸው ናት ያጠፋችው? ንገሪኝ እስቲ።

ደግሞ የኛዋ ልጅ ርኅራኄዋ! አምቡላንሱ አጠገብ ስታለቅስ ሁሉ ሰው ነው ያዘነላት፤ ፎቶ አንሺው እስኪሄድ ድረስ አላቋረጠችም። ከዚያ በኋላስ ለሌላው አሰበች እንጂ ለራሷ? «ይቺ ባዝራ አደገኛ ናት፣ ሌላ ሰው ሳትጎዳ ትሸጥ» ብላ ማመልከቻውን ራሷ ጻፈች አሉ። እንዴት ያለ አርቆ አሳቢነት ነው! የሚናገር አፍ ያለው ሰው፣ አፍ ለሌላት እንስሳ እንዲህ ሲጨነቅላት…

እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት እሱ ነው? እህ። የጨረታው መኪና ሰኞ ነው የሚመጣው? በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ «ሰው ጥላለች» ተብሎ የተጻፈባትን ባዝራ ማን ለመጋለቢያ እንደሚገዛት እኔም አንቺም አናውቅም ልበል? እናውቃለን እኮ። ታንሲ ለሥጋ፣ በኪሎ ነው የምትሸጠው። እኔ ግን ምን አገባኝ፣ የበረት ሠራተኛ ነኝ። አሰልጣኟ አንቺ ነሽ፣ ፈርሚ። እስክሪብቶ ከሌለሽ እኔ ጋ አለ… ብርዱ ቀለሙን አድርቆት ይሆናል እንጂ።

ወደ ኪስሽ መለስሽው? እኔ ምን አልኩ? ኬኩን ብይ በይ።

ውይ፣ እዚያ ጋጣ ቡሩሹ ዝም አለ። ደከማት መሰለኝ፣ የኔ እናት። ትረፍ እንጂ፣ ቅዳሜ እኮ ለወዳጅነቱ የመልስ ጨዋታ እነሱ ጋ ልንሄድ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙር በእነሱ ፈረሶች ነው የምትጫወቱት አይደል? ብሪንም ክንዷን አንግታ ትመጣለች አሉ። መጫወት ባትችልም ፈረሶቹን ለእንግዶች የምታስረክበው እሷው ናት።

እንግዲህ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከምርቃት ሌላ ምን እሰጣለሁ? ጮክ ብዬ ልመርቅ፣ ሁሉም አሜን እንዲል። ቅዳሜ ያቺ ደግ ልጃችን የማታውቀውን ፈረስ ስትረከብ፣ እግዜር ልክ እንደ ራሷ ያለ ቅን ሰው ያቁምላት። አቅፎ፣ «የኔ ቆንጆ» ብሎ፣ እሷ የነገረችውን ያህል እውነት ይንገራት፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። አሜን በይ እንጂ ማርላ! ከወዲያ በኩልስ… አሜን የሚል የለም?