ሦስት ሳጥን

በትክክል ላላስታውስ እችላለሁ፤ ካርቶኖቹ ስምንት ይሁኑ ዘጠኝ እርግጠኛ አይደለሁም። የወይዘሮ ከድጃ እንደነበሩ ግን አልጠራጠርም። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚነግዱ ሴት ናቸው። ለዒድ የሚሸጥ ልብስ እዚያው ናይሮቢ ካለው የኢምባካሲ መጋዘን ወደ ሞያሌ ሱቃቸው ቢልኩ፣ የደረሰው ሦስት ካርቶን ብቻ ሆነ። «ልጄ፣ ዒዱ ደረሰ እኮ፤ ባዶ መደርደሪያ ልሽጥ?» አሉኝ በስልክ። የመጋዘኑን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምሠራው እኔ ነኝና እየሮጥኩ ሄድኩ።

ዕቃ የሚያስጭነው አብዱ ናይሮቢ ያደገ ነው፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ እምብዛም አያነብም። አዲሱን ላፕቶፕ አዞረልኝ። «ይኸው ቦስ፣ ሦስት ሳጥን ይላል፤ ሦስት ጫንኩ።» አየሁት። «ከድጃ» የሚለው ስም ጠፍቶ በቦታው ሦስት ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል።

«ይሄ እኮ ስማቸው ነው!» አልኩት።

«ሥዕል የጨመራችሁበት መስሎኝ! እንዲያውም ፖአ፣ ያምራል ብዬ ነበር።»

«ጎኑ ያለው ቁጥርስ?»

«የምን ቁጥር እንደሆነ በምን ልወቅ? ከላዩ ያለው ርዕስም ሳጥን ብቻ ነው።»

የፕሮግራሙን መስኮትና ፊደል ስክሪን ላይ የሚስልልን፣ ቱልኪት የምንለው መሣሪያ ያረጀ ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አማርኛውን ያሳያል፣ አዲሱ ላይ ይክደናል። እንለውጠው ብዬ አለቃዬን ስንቴ ለምኜዋለሁ። ያን ቀንም ደወልኩለት። «ፕሮግራሙ ይከፈታል?» አለኝ። «ይከፈታል።» «ታዲያ የሚሠራ ነገር ለምን ትነካለህ?» ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

የቀሩት ካርቶኖች በማግስቱ ተጭነው ለዒድ ደረሱ። በኋላ የቱልኪቱን ሠሪዎች የኢንተርኔት ገጽ ከፍቼ አረጋገጥኩ፤ ስህተቱን እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ያውቁታል። አጠገቡ «መልክን ብቻ የሚነካ ስህተት» ብለው መዝግበውታል።