ኤክስ እሺ ነው ወይስ እምቢ?

— ሄሎ… ሄሎ? ማን ልበል?… ዮርዳ! አንች ነሽ እንዴ? ቁጥሩ ሌላ ሆነብኝ እኮ… የጓደኛሽ ስልክ ነው? እሺ፣ እሺ… ደህና ነን። ምንም የለም። ምን ይኖራል ብለሽ ነው?… ድምፄ? ድምፄ ምን ሆነ?… ብርዱ ነዋ። እዚህ ቆሰበር ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ዳንግላስ?… በልተሻል?… አምባሻ ብቻ? በባዶ ሆድ ፈተና ይገባል?… ስንት ሰዓት ነው ያሉሽ?… ስምንት። ታዲያ ሃያ ደቂቃ እኮ ነው የቀረሽ። በይ ዝጊውና ከልሺ፣ እኔ…

ስልኩ የሸጋ ጆሮ ላይ ነው፤ ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ሊነቀል አልቻለም። ቤቱ የልጇ የዮርዳኖስ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ ነው። ልጅቱ ለሥራ ፈተና ማለዳ ስትሄድ ሱቁን ለእናቷ አደራ ብላ ነው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነጠላውን ዘቅዝቆ የለበሰ ሰው ተቀምጧል፤ ከጫማው የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶውን አርሶታል።

— አይ… አለ እንጂ። ልነግርሽ አልፈለግሁም፣ ፈተና ላይ ነሽ ብዬ… ኮምፒውተሩ ነው።… አልነካሁትም! ኪዳነ ምሕረትን፣ አልነካሁትም። እንዳሳየሽኝ ነው ያደረግሁ። ቢሻው ሲመጣ ማተሚያውን አበራሁ፣ ወረቀት ጨመርሁ፣ የእናቱን የሕይወት ታሪክ ከፈትሁ። ላሳትም ስል አንድ ትልቅ ሳጥን መጥቶ ጽሑፉ ላይ ተቀመጠበት።… አዎ፣ ቢሻው እዚሁ ነው። የወርቅአየሁ ልጅ… ቀብሩማ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አስከሬኑ ስምንት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል።… ቢሻው፣ ዮርዳ ናት። አይዞህ፣ አሁን ትነግረናለች።

— ምን ይላል?… ልጄ፣ እንግሊዝኛ ነው እኮ! አንዲት አማርኛ የለበትም።… ፊደሉን? እሺ ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ።… የመጀመሪያዋ ሀ ናት።… ሀ! የኛዋ ሀ!… እናንተ "ዩ" ነው የምትሏት? እሷ ናት። ቀጥላ ዱላ ላይ ራስ የተሰካላት… "ፒ"፣ እሺ። ሦስተኛዋ ክብ ሆና ከታች ጭራ የታጠፈላት… ከዚያማ ብዙ ናቸው፣ ይምታቱብኛል።… መጨረሻ ላይ? ቁጥር አለ። አንድና ዜሮ። አሥር።

— …ምን? እሱ ነው? ያ አንድ ወር ሙሉ ጥግ ላይ ብቅ እያለ "ላሻሽልሽ፣ ላሻሽልሽ" ሲልሽ የከረመው?… ታዲያ ዛሬ ማን ፈቀደለት?… ራሱን በራሱ?… ታች ቁጥር አለ፣ አዎ። አሥራ አራት። ከጎኑ ያለው ግን አይያዝም፣ ይሮጣል… አምሳ ሁለት… አምሳ አንድ… ወደ ኋላ እኮ ነው የሚቆጥር!… ደቂቃ ነው? ሲያልቅስ ምን ይሆናል?… ይጀምራል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?… እስከ ማታ! ወይ መድኃኔ ዓለም። ቀብሩስ?

የኮምፒውተሩን ፕሮግራም በአዲስ በመቀየሩ ነገር እናትና ልጅ ወር ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት። ዮርዳኖስ አንድ ቀን "እንቀይረው፣ በነጻ የሚሰጡት እስከ ሐምሌ ብቻ ነው" ትላለች፤ በማግሥቱ ደግሞ "ቢበላሽብንስ?" ብላ ትተወዋለች። ሸጋ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ የመጣ ስጦታ ያስፈራታል።

— ክንዴን አላየሽም? ማዶ ጽሕፈት ቤት ያለውን ሰውዬ፣ ክንዴን ነው የምልሽ። አዲሱን ካስገባ በኋላ አማርኛው ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ አልቀረም? የሠርግ ጥሪ ያዘዘው ሰውዬ አይቶ "ጥሪ ነው ያልሁህ፣ የብሎኬት ግንብ አይደለም" አላለውም?… አሁን አትሳቂ። ወርቅአየሁን በብሎኬት እንድንቀብራት ነው?… እሺ፣ እሺ፣ አልጮኽሁም። አሥራ ሁለት ሆነ።

— ቁልፎች? ሁለት ናቸው። አንዷ ሰፊ፣ አንዷ ጠባብ። እምቢ የምትለው የትኛዋ ናት?… አንዷ "አሁን"፣ አንዷ "እሺ"? እምቢስ?… የለም?! ልጄ፣ እምቢ የሌለው ጥያቄ ምኑ ጥያቄ ነው? አባትሽ ሽማግሌ ሲልክብኝ እንኳ እምቢ ማለት ይቻል ነበር።… አላልሁም እንጂ ይቻል ነበር!

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ቀና አለ። ሸጋ በእጇ "ቆይ" አለችው።

— ላይኛው ጥግ?… አለች፣ ትንሽ ኤክስ አለች። እሷን ልጫን?… ቆይ። ቆይ ዮርዳ። ኤክስ ምን ማለት ነው?… መዝጋት? እርግጠኛ ነሽ?… አይ፣ መጠየቄ ነው። ማታ ፊደል የሚያስቆጥረን መምህር ሰውነት ደብተራችን ላይ ኤክስ ሲያደርግ ተሳስታችኋል ማለቱ ነው። እሱ ይገባኛል። አምና ምርጫ ጊዜ ግን ኤክስ ያደረግነው የምንፈልገው ላይ ነው። ቀስ ብዬ ልንገርሽ፣ ቢሻው እንዳይሰማ… ወርቅአየሁ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከድንኳኑ ስንወጣ ምን አለችኝ መሰለሽ? "ሰውነት ስህተት የሚለውን እነዚህ ልክ ይሉታል፤ ፊደል የቆጠርነው ለመደናገር ነው እንዴ?" አለች። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁ።… እና ይቺ ኤክስ የመምህር ሰውነት ናት ወይስ የኮሮጆዋ?

— …እሺ አልዘገይም። እያፈጠንሁ ነው። ግን እምቢ የለውም ያልሽው አንች ነሽ፤ እምቢን ጥግ ላይ ደብቆ ያስቀምጣል?… እሺ፣ አንች ካልሽ። ቀስቷን ወሰድኋት… ላይዋ ላይ አድርጌያታለሁ። በስመ አብ… ተጫንሁ።

— …ጠፋ! ዮርዳ፣ ጠፋ! ሳጥኑ ሄደ! ቢሻው፣ ሄደ!… ጽሑፉ ይታየኛል፣ "የወይዘሮ ወርቅአየሁ አዝመራው አጭር የሕይወት ታሪክ"፣ ይኸውና!… አዎ፣ አሁን ላሳትም… ማተሚያዋ የት ነበረች… ላይ በግራ… ቆይ፣ ሌላ ትንሽ ሳጥን መጣች። ቁልፏ አንድ ብቻ ናት።… አልነካኋትም! ራሷ ሄደች… ዮርዳ።… ዮርዳ፣ ጨለመ። ሁሉም ጨለመ። መሐሉ ላይ ነጠብጣቦች ተሰልፈው ይዞራሉ።… ከሥራቸው ቁጥር አለ። ዜሮ… አንድ። አንድ ከመቶ።

ሸጋ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችውና መልሳ ለጠፈችው።

— ሄሎ? አለሽ?… ምነው ዝም አልሽ?… አታልቅሺ፣ ፈተና ትገቢያለሽ! ያንች ጥፋት አይደለም። እኔ ነኝ የተጫንሁት።… አዎ፣ ኤክስ እሺ ነበረች። የኮሮጆዋ ኤክስ ናት። እኔና ወርቅአየሁ ቀድመን አውቀናታል።

— አሁን ምን እናድርግ? ሶኬቱን ልንቀለው?… እጄ ሶኬቱ ላይ ነው፣ አንዴ ብትፈቅጅልኝ… አልነቅልም! አልነቅልም አልሁሽ፣ አትጩሂ!… ከነቀልሁት ጭራሽ ይሞታል? ከተውሁት ደግሞ እስከ ማታ አይነቃም። ሌላ ቀን ገና ደመና ሲያይ የሚጠፋው መብራት ዛሬ ጸንቶ ይበራል… እሺ። እጄን አነሣሁ። እንጀራሽ ነው፣ አልነካውም።

— ሌላ ጽሕፈት ቤት ምን ብዬ ልሂድ? ሄጄስ? ታሪኩን የነገሩሽ የቢሻው አክስት ናቸው፤ እሳቸው አሁን እንኳን ሊናገሩ ውሃ አልቀመሱም። ደግሞ የመጨረሻዋን መስመር እሳቸውም አያውቋትም። እኔ ለምኜሽ የጨመርሻትን…

ሸጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጀርባዋንም ለቢሻው ሰጠች።

— …እሱም አያውቅም። አልነገረችውም። "ማኅበር አለብኝ" እያለች ነበር ማታ ማታ ትምህርት የምትመጣ።… ከቤዛዊት ጋር ጥር ላይ ሲጋባ ምስክር ልትሆን፣ በአውራ ጣት ሳይሆን በብዕር ፈርማ ልታስደነግጠው። ስሟን ለመጻፍ ሁለት ደብተር ጨርሳለች። ይህ ሳይነበብ አፈር ይጫናት?… ታዲያ ምን ቀረኝ?

— …ምን አልሽ? ጠዋት? አዎ፣ አንብቤዋለሁ። አንች ከሄድሽ በኋላ ሦስት ጊዜ። ለልምምድ ነዋ! እኔ እንደ እናንተ በዓይን አልፌው አልሄድ፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየነካሁ ነው የማነብ… ቆይ እስቲ። ቆይ።

ዓይኗን ጨፈነች። ጠቋሚ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ።

— "ወይዘሮ ወርቅአየሁ አዝመራው በ1946 ዓመተ ምሕረት በጥሊሊ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው… በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን በሥራ ሲረዱ ቆይተው ወደ ቆሰበር በመምጣት…" ዮርዳ! አለ! ሁሉም አለ! አንድም አልጠፋ!… እንደ እናንተ ፈጥኜ ባነብማ ኖሮ አንድ ቃል አልይዝም ነበር።… እጽፈዋለሁ። በእጄ። ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።… በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነዋ! አንድ ገጽ አትሞላም። ከስሜ ሌላ ጽፌ አላውቅም ማለት አልችልም ማለት ነው?

— ምን አልህ ቢሻው?… "መጨረሻው ምንድን ነው" ይለኛል። ሰምቶናል።… ልንገረው? አንች ካልሽ። ቢሻው፣ ልጄ፣ መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ "በስድሳ ዓመታቸው ፊደል ቆጥረው ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ።"… አዎ። እናትህ።… ማኅበር አልነበረም። ከኔ ጋር ነበረች፤ አንድ አግዳሚ ላይ፣ እሷ በመስኮት በኩል፣ እኔ በበር በኩል።

ቢሻው በነጠላው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ለሸጋ ግን አልነበረም።

— …እያለቀሰ ነው። ተይው ያልቅስ፣ ሲበቃው ይተዋል።… አዎ፣ ዮርዳ፣ እየሰማሁሽ ነው። ማን ያነበዋል?… መሪጌታ ናቸዋ፣ ሁልጊዜ እሳቸው አይደሉ?… የኔን ጽሕፈት?… እ።… እሱስ ልክ ነሽ። መምህር ሰውነትም "ሸጋ፣ የዶሮ ጭረት ነው" ይለኛል። አሁን በጥድፊያ ስጽፈውማ… ከኔ በቀር ማንም አያነበው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አራት ሆኗል።

— አይ። እኔው ላንብበው? አይሆንም ልጄ። ያ ሁሉ ሰው? የመቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ? ክፍል ውስጥ እንኳ ሳልነሣ ተቀምጬ ነው የማነብ።… ሌላ መንገድ የለም? አንዲት ሌላ ቁልፍ?… ይህም እምቢ የሌለው ጥያቄ ነው በይኛ።… አዎ፣ አውቃለሁ፣ እሷ ብትሆን ለኔ ታደርገው ነበር። እየሳቀችብኝ ታደርገው ነበር።… እሺ። አነበዋለሁ አልሁሽ። ጨረስሁ። ከዚህ ወዲያ እንዳትጠይቂኝ፣ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

— ስም እየጠሩ ነው?… ግቢ፣ ግቢ። ስልኩን ለጓደኛሽ ስጫት። ኮምፒውተሩን አታስቢው፤ አንድ ወር አልወሰንን፣ ራሱ ወሰነ። ነገ ነቅቶ ከመጣ አብረን እናየዋለን። ሳጥን ካደረገውም ሳጥኑን ማንበብ እንማራለን።… ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ። እንደኔ በጣትሽ… ቆይ! ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ! "ሕይወት" በየትኛው ሀ ነው? በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው… ዮርዳ?… ሄሎ?… ሄሎ?… ትሰሚኛለሽ?

ተዘግቷል። ሸጋ ስልኩን ጨለማው ስክሪን አጠገብ አስቀመጠችው፤ ደብተሯንም ከቦርሳዋ አውጥታ ንጹሕ ገጽ ገለጠች። ጠዋት ስታነበው ፊደሏ ምን ትመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። ይህቺ ብቻ ጠፍታባታለች።

— ቢሻው፣ ያንን ብዕር አቀብለኝ። በሃሌታው እጽፋታለሁ። የማነብ እኔ፤ ጮክ ብዬ ስላት ማን ያያታል?